የእናቴ ድምፅ ማን ቤት ይደር

ሰርቨር የሚሉት ነገር እኔ ቤት፣ ከእህል ጎታው ጎን፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ስሙ ትልቅ ነው እንጂ ነገሩ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ስክሪን የለውም። አንድ አረንጓዴ መብራት አለው፣ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል፣ ይሞቃል። በክረምት ድመቷ ከጎኑ አትለይም። ሰቆጣ ከተማ ዳር፣ የፍየል ነጋዴ ቤት ውስጥ ይሄ ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። እኔም ራሴን እጠይቃለሁ። ይህን የምጽፈው መልሱን አግኝቼ አይደለም። ግራ እንደገባኝ ነው የምጽፈው።

ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት አውራ ጣቴን ቀለም እያስነከሩ ያስፈርሙኝ ነበር። የምታስፈርመኝ የቢሮ ሠራተኛ እጄን የምትይዘው ለእርድ እንደቀረበ በግ እግር ነበር። ይህን አልረሳሁም፤ ልረሳውም አልፈልግም። ከገበያ መልስ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ፣ የልጅ ልጅ ካላቸው ሰዎች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሀሁ አልኩ። የተማርኩት በአማርኛ ነው። አፌን የፈታሁት ግን በኽምጣና ነው። አማርኛዬን ሰምተው ገበያ ላይ ከንፈራቸውን የሚያጣምሙ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ፍየሌን ሲገዙ ግን ዋጋው በየትኛውም ቋንቋ ይገባቸዋል።

ልጄ ዐረብ አገር ናት። ሰው ቤት ትሠራለች። እናቷ እኔን ትታ ሌላ ካገባች ብዙ ዘመን ሆኗል፤ አልወቅሳትም፣ አላመሰግናትምም። ልጅቱን ያሳደገቻት እናቴ ናት። እናቴን ከደሃና ገጠር አንስቼ ወደ ከተማ ካመጣኋት ቀን ጀምሮ ከተማውን ስትራገም የኖረች ሴት ነበረች። ስትራገም በኽምጣና ነው፣ ስትመርቅም በኽምጣና ነው፤ አማርኛዋን የምታወጣው ለቄስና ለመንግሥት ሰው ብቻ ነበር። ልጄም ስታለቅስ የምታለቅሰው በዚያው በአያቷ ቋንቋ ነው።

በጦርነቱ መንገዱም ስልኩም ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ እሷ ከዚያ፣ እኛ ከዚህ፣ አንድ ቃል ሳንለዋወጥ ከረምን። ስልክ የተከፈተ ዕለት ደወለች። ደህና ናችሁ ወይ አላለችም። ገና ሃሎ ሳልል፣ ማን ቀረ፣ ነው ያለችኝ። አያቷ መኖሯን ስነግራት፣

«አባ፣ እናንተ ዝም ስትሉ እኔ እዚህ አንድ በአንድ ስገድላችሁ ነው የከረምኩት» አለችኝ።

ይህን ቃል የሚያነብ ሰው ይያዝልኝ። ኋላ የመጣው ነገር ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ከዚያ ወዲህ የእናቴን ድምፅ በስልኬ እየቀረጽኩ እልክላት ጀመር። እናቴ ለመቅረጫ ብላ አትናገርም፤ ፍየሎቹን ስትሰድብ፣ ማን ከማን እንደሚዋለድ ስትዘረዝር፣ በየትኛው ሸለቆ ውሃ እንደማይደርቅ ስታስታውስ ደብቄ ነው የምቀርጻት። ልጄ ሥራዋን ስትሠራ ያንን በጆሮዋ ሰክታ ትሰማለች። ታዲያ አንድ ቀን አሠሪዋ ስልኳን ቀማቻት። ከስንት ልመና በኋላ ስትመልስላት ሁሉም ተጠርጎ ባዶ ሆኖ ነበር። የኔም ስልክ እርጅና ይዞታል፣ የድሮውን እያጠፋሁ ነበር አዲሱን የምቀርጸው። ስለዚህ ያ ሁሉ ስድብና ምርቃት ጠፋ። ልጄ እንደ ሰው ሞት ነው ያለቀሰችው።

ገበያ መውረጃው ላይ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው አለ። የልጆች አባት ነው፤ ዲግሪ አለው፣ ዲግሪውን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ከሥሩ የስልክ ሽፋን ይሸጣል። ስልኬን ይዤ ሄጄ የጠፋውን አውጣልኝ አልኩት። አልወጣም። ለወደፊቱ ግን፣ አለኝ፣ ድምፁን ድረ ገጽ ላይ አድርገው፤ ልጅህ ከማንም ስልክ ትከፍተዋለች፣ ስልክ ቢቀማ ድምፁ አይቀማም።

ድረ ገጹ የት ነው የሚቀመጠው አልኩት። ይህን በመጠየቄ ነው እስከ ዛሬ የምናወዘው።

ሁለት መንገድ አለ አለኝ። አንደኛው ሆስቲንግ ነው፤ በየዓመቱ እየከፈልክ ሌላ ሰው ማሽን ላይ ታስቀምጣለህ። ሁለተኛው የራስህን ማሽን ገዝተህ ቤትህ ታስቀምጣለህ።

እኔ ደግሞ ከብትና ፍየል ነው የማውቀው። ከብት ኖሮህ ግጦሽ ከሌለህ፣ ደጋ ለሚኖር ሰው በርቢ ትሰጣለህ። እሱ ይጠብቃል፣ ወተቱን ይጠጣል፣ የተወለደውን ትካፈላላችሁ። ላሟ ያንተ እንደሆነች ትኖራለች። ብትሞት ቆዳዋን አምጥቶ ያሳይሃል፤ ቆዳ ካላሳየ ሸጧታል ማለት ነው። ስለዚህ ሆስቲንግ የሚለውን በርቢ መስጠት ነው ብዬ ያዝኩት።

«ታዲያ እኔ ለምን እከፍላለሁ?» አልኩት። «ጠባቂው ነው እንጂ ድርሻዬን የሚሰጠኝ።»

«ጋሼ፣ ይሄ ጥጃ የለውም።»

«የማትወልድ ላም በርቢ ማን ይቀበላል?»

«ለዚህ ነው የምትከፍለው።»

እዚህ ላይ የገባኝ መሰለኝ። ወዲያው ደግሞ ጠፋብኝ። ባልከፍልስ አልኩት። ይዘጋል አለኝ። ሳይነግረኝ? በኢሜይል ይነግርሃል። ኢሜይል የለኝም። እከፍትልሃለሁ። ከተዘጋ በኋላ ቆዳውን ያሳየኛል ወይ? ሳቀ። ስቆብኝ ሲያበቃ፣ ቆይቶ ቆይቶ ያጠፉታል፣ ቆዳም የለ፣ አለኝ። ማሽኑ የት አገር ነው ያለው ስለው እሱም በትክክል አያውቀውም። ጀርመን ሊሆን ይችላል አለ። የአገር ውስጥም አለ፣ ግን እነሱም የሚያስቀምጡት ምናልባት እዚያው ነው። ምናልባት አለኝ! ባለ ዲግሪው። እናቴ ፍየሎቿን የምትሰድበው ጀርመን ተቀምጣ ነው ማለት ነው።

ቤት ይሁን አልኩት። ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ፤ የሚሸጠው አሮጌ ኮምፒውተር ነበረው። በዚህ አልወቅሰውም፣ እኔም አንካሳ ፍየል ሲኖረኝ ዓይኔ እንደዚያ ነው የሚበራው።

ማሽኑን ተከለው። ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር አጠገቡ አደረገ። የቤትህ የኢንተርኔት አድራሻ ይቀያየራል፣ እንደ ዘላን ነው፣ ስለዚህ ቋሚ ስም እናወጣለታለን፣ መንገድም እቆርጥለታለሁ አለ። አልገባኝም፤ ገባኝ አልኩ። ከዚያ፣ ከአሁን በኋላ ድረ ገጹን የሚከፍት ሰው ሁሉ ወደዚህ ቤት ነው የሚመጣው፣ አለ። ይህን እናቴ ሰማች።

እናቴ ቤቷ እንግዳ የሚመጣ ሴት ሆና ነው የኖረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማሽኑን ፊት ጠዋት ጠዋት ትጠርግ ጀመር። ዛሬ መጡ ወይ ትለኛለች። መጥተዋል እላታለሁ። ምን ቀመሱ? ምንም አይቀምሱም እናቴ፣ ሰምተው ይሄዳሉ። ታዲያ ምን ዓይነት እንግዶች ናቸው፣ ምን ዓይነትስ ቤት ነው፣ እያለች ታጉረመርማለች። አቧራ እንዳይገባበትም ከጆንያ ልብስ ሰፋችለት። ጠጋኙ መጥቶ አይቶ ይታፈናል፣ መተንፈስ አለበት ብሎ አወለቀው። ከብት ነው ብላችሁ የለ፣ አለች፣ አፍንጫውን ቀድጄ እተውለታለሁ። በኋላ ኋላ መጣ የሚባለውን ሰው በስም ትጠይቅ ጀመር፤ ማን እንደመጣ ግን ማሽኑ አይናገርም። አገርና ቁጥር ብቻ ነው የሚያሳየው። ጠጋኙ ከዐረብ አገር መጥተዋል ሲላት፣ «የኔዋ ናት» ትላለች። የሷ ብቻ አልነበረችም። የኛ አገር ልጆች አንዱ ለሌላው እየነገረ ብዙዎች መስማት ጀምረው ነበር። ልጄ ያለችበት ከተማ የምትኖር፣ ከጋዝጊብላ የሄደች አንዲት ሴት፣ የናንተን እናት ስሰማ እናቴን ያየሁ ይመስለኛል ብላ በልጄ በኩል ሰላምታ ላከችልን።

መብራት ሲጠፋ ግን ድምፁም ይጠፋል። መብራት እንዴት እንደሚጠፋ ለዚህ አገር ሰው አልነግርም። በጠፋ ቁጥር ልጄ ትደውላለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። መብራት ነው እላታለሁ፤ እርግጠኛ ነህ ትለኛለች። አንድ ሁለቴ ተቆጣኋት። እሷ ግን ቁጣዬን ተወችና የፀሐይ ሰሌዳና ባትሪ የሚገዛበት ብር ላከች። ጠጋኙ ጣሪያዬ ላይ ሰቀለው። ከዚያ በኋላ ከተማው ሁሉ ሲጨልም የእናቴ ድምፅ አይጨልምም ነበር። ሌሊቱን ባትሪው ያሻግረዋል፣ ጠዋት ፀሐይ ትረከበዋለች። ልጄም መደንገጧን ተወች።

አሁን ስለ ጎረቤቴ ልናገር። ሽማግሌ ናቸው፤ ከእናቴ ትንሽ ቢያንሱ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ሰው ሲሞት መርዶ የሚያረዱ እሳቸው ናቸው። ማሽኑ እንደተተከለ ሰሞን መጥተው በምርኩዛቸው ነካ ነካ አደረጉትና ይሄ ምንድን ነው አሉኝ። ልነግራቸው ጀመርኩ። ስለ ድረ ገጹ፣ ስለ ጀርመን፣ ስለ ርቢው። ምርኩዛቸውን ተደግፈው በትዕግሥት ሰሙኝ፤ ስጨርስ፣ እና ምንድን ነው፣ አሉኝ። ሰልችቶኝ ነበር። ፍየሎቼም ውሃ አልጠጡም ነበር።

«ሬድዮ ነው» አልኳቸው።

«እንዲያ አትለኝም» አሉና ሄዱ።

እናቴ በጥር ሞተች። ታማ አልሰነበተችም። ጠዋት ፍየሎቹን ሰድባለች፣ ለምሳ አልተነሣችም። በማግስቱ ቀበርናት። በኛ አገር ሰው ሲሞት ሬድዮ ይዘጋል። የሟች ቤት ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱም ይዘጋል፤ ሠርግ ያለው እንኳ ከበሮውን ወደ ሌላ ሰፈር ያርቃል። ሬድዮ ከፍቶ የተገኘ ሰው በሟች ላይ እንደ ሳቀ ነው የሚቆጠረው፣ እሱ ቤት ሞት ሲመጣ የሚያለቅስለት ያጣል። እኔ ከቀብር ስመለስ ማሽኑ ዝም ብሏል። መብራቱ ጠፍቷል። ገመዱ በወጉ ተጠቅልሎ ላዩ ላይ ተቀምጧል፣ እናቴ የሰፋችው ጆንያ ደግሞ ሙሉውን ተከናንቦታል። ሽማግሌው ናቸው። ሰው እንዳይታዘበኝ ብለው፣ ለኔ ብለው ነው ያደረጉት። አየሁትና ልክ ነው አልኩ በሆዴ። ሌላ ነገር አልመጣልኝም። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ስለ ሰርቨር አያስብም።

ስለ ልጄ ግን ተነጋገርን። ሽማግሌው አጠገቤ ቁጭ ብለው፣ ልጅቷ እንዴት ትረዳ አሉ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው አጠገቧ ሳይኖር፣ ደግፎ የሚይዛት ሳይኖር፣ በባዕድ አገር ማረዳት ኃጢአት ነው አሉ። የጋዝጊብላዋ ሴት ትዝ አለችኝ። በዘመድ በኩል ደወልንላት። ልጄ የእረፍት ቀኗ እስኪደርስ እንድንጠብቅ፣ በዚያን ቀን ማለዳ የአገር ልጆችን ይዛ ሄዳ እንደምታረዳት ቃል ገባችልን። እስከዚያ ከኛ ቤት ትንፍሽ የሚል እንዳይኖር ተማማልን። ሽማግሌው ወደኔ ዞረው፣ አንተ አፍህ ሸካራ ነው፣ ቢደወልልህም ቶሎ ዝጋው፣ አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እውነት በአፌ ሲመጣ አላኝክም። በዚያን ጊዜ ግን ውሸት እንድናገር አገር ሁሉ ፈቀደልኝ።

በሣልስቱ ደወለች። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሞልቷል። ስልኬን ይዤ በጓሮ ወደ ፍየሎቹ በረት ሄድኩ፤ ለቅሶው እንዳይሰማት ብዬ ነው። እንደምን አለሽ፣ ደህና ነኝ፣ ተባባልን።

«አባ፣ ድምፁ አይከፈትም እኮ።»

«መብራት ጠፍቶ ነው።»

ውሃ ሲወርድ ይሰማኛል። ዕቃ እያጠበች ነው።

«አባ፣ ማሽኑ እኮ በፀሐይ ነው የሚሠራው።»

እኔ በዕድሜዬ ብዙ ሰው ገበያ ላይ ሲዋሽ አይቻለሁ። ጥሩ ውሸታም ሁለተኛውን ውሸት አስቀድሞ አዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። እኔ አንድ ብቻ ነበረችኝ። ወደ ሰማይ አየሁ። የጥር ሰማይ ነው፣ የታጠበ ብርጭቆ ይመስላል፣ አንዲት የደመና ቁራጭ የለችበትም።

«ደመና ነው» አልኳት።

«በጥር?»

አንዷ ፍየል ጮኸች። የውሃው ድምፅ ቀጠለ። መልስ እየፈለግሁ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት፣ እዚያ ሄዶ መልስ የሚያገኝ ይመስል።

«አያቴ ናት አይደል?» አለችኝ። በኽምጣና ነው ያለችኝ። እስከዚያ ድረስ በአማርኛ ነበር የምናወራው።

መሐላዬን ጠበቅሁ፣ አዎ አላልኳትም። አይደለም ማለት ደግሞ አቃተኝ። «አጠገብሽ ማን አለ?» ነው ያልኳት።

«ሳህን አለ» አለችኝ።

ከዚያ አሠሪዋ በዐረብኛ ስትጠራት ሰማሁ። ልጄ መልስ ሰጠቻት፣ የደህና ሰው ድምፅ አውጥታ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

የእረፍት ቀኗ ሲደርስ የጋዝጊብላዋ ሴት ቃሏን ጠብቃ፣ ሴቶቹን አስከትላ፣ ጥቁር ነጠላ ይዛ ማለዳ ሄደችላት። በሩን ስትከፍትላቸው ፀጉሯን ተላጭታ አገኟት። ከደወለችልኝ ቀን አንስቶ እስከዚያ ጠዋት ስትሠራ ነው የቆየችው፣ ሻይ ስትቀዳ፣ የሰው ልጅ ስታጥብ። ጥቁር እንዳትለብስ ደንብ ልብስ አላት። እንዳትጮህ የሰው ቤት ነው። ሴቶቹ ሲያዩዋት ነው ጮክ ብላ ያለቀሰችው አሉ። ያኔም በኽምጣና ነው።

ይህን ለሽማግሌው ነገርኳቸው። መናገር አልነበረብኝም ይሆናል፣ ግን ሸካራ አፍ አለኝ ብያለሁ። ያንን ገመድ ሲነቅሉ ለልጄ መርዶ እንዳረዷት፣ ብቻዋን ዕቃ ስታጥብ እንደተረዳች ነገርኳቸው። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን መርዶ ሲያረዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ማንንም ብቻውን አርድተው አያውቁም።

«ሬድዮ ነው አላልከኝም?» አሉኝ።

ብያለሁ።

ጠጋኙ ይህን ሁሉ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። ተከፍሎበት ሆስቲንግ ላይ ቢሆን ኖሮ ማንም ገመድ አይነቅልም ነበር አለኝ። እውነት ነው። ጀርመን ያለው ማሽን የኛን ለቅሶ አያውቅም፤ እናቴ አፈር ገብታ እሱ ስድቧን ይቀጥል ነበር። ልጄም እየሰማች፣ እየሳቀች ትሰነብት ነበር፤ ከዚያ በወጉ፣ በሰው መሐል፣ ተደግፋ ትረዳ ነበር። ይህ ይሻላል እላለሁ። ወዲያው ደግሞ፣ የሞተች አያቷን ሕያው ናት ብላ ስትስቅ የሰነበተችውን ሳቅ ኋላ ስታስታውሰው ምን ትሆናለች፣ ብዬ እታመማለሁ። እሱስ ይሻላል? አላውቅም። የጎልማሶች ትምህርት ይህን አላስተማረኝም። የሱም ዲግሪ ያስተማረው አይመስለኝም፤ ጠይቄው፣ እሱ የቴክኒክ ጥያቄ አይደለም ጋሼ፣ ብሎኛል። ታዲያ ቴክኒኩ ምን ሊሠራ ነው ቤቴ የመጣው?

ልጄ መጀመሪያ፣ ወደሚከፈልበት አዛውረው፣ እኔ እከፍላለሁ፣ ሁለተኛ ዝም እንዳይል፣ አለች። ጠጋኙን ላናግር ስዘጋጅ ተመልሳ ደወለች።

«ተወው አባ። ቤት ይሁን።»

«ምነው?»

«እዚያ ከሄደ መቼም ዝም አይልም። ዝም የማይል ከሆነ እናንተ መኖራችሁን በምን አውቃለሁ?»

«እደውልልሻለሁ።»

«አንተ ደመና ነው ትለኛለህ» አለች። ሳቀች መሰለኝ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ከሩቅ አገር በስልክ አይለይም።

ከሳምንት በኋላ ደግሞ ሐሳቧን ለወጠች፣ ከዚያ መልሳ ለወጠች። እኔም እንደሷ ነኝ። ሁለቱም ጋ ይቀመጥ ይላል ጠጋኙ፣ ኮፒ ይደረጋል፣ ቀላል ነው። ላሟ አንድ ጊዜ እኔ በረት፣ አንድ ጊዜ ደጋ ትደር ማለቱ ነው። ይህም ይቻላል አሉ። ሁለት ቦታ ካለ ግን እኔ ቤት ሲጠፋ እዚያ ያወራል፣ እዚያ እያወራ እኔ ቤት መጥፋቱን ማን ያያል? ይህን ስለው ጠጋኙ ራሱን አከከ። ገና እያሰበበት ነው።

ካርባው በኋላ ማሽኑን መልሼ አበራሁት። ከማብራቴ በፊት ግን ልጄ ጋ ደወልኩ፣ ላበራው ነው አልኳት፣ ሳትዘጋጅ ብትሰማው ብዬ ፈራሁ። አብራው አለች። ጆንያውን ገፍፌ ገመዱን ሰካሁ። አረንጓዴው መብራት በራ፤ ንቡ ማጉረምረም ጀመረ። እናቴ የምትጠርገው ቦታ አቧራ ይዞ ነበር፣ ጠረግሁት።

ሽማግሌው ሰሙ መሰለኝ በዚያው ሳምንት መጡ። ከመርዶው ነገር ወዲህ ደጄን ረግጠው አያውቁም ነበር። ሲገቡ ማሽኑን በሩቁ ነው ያዩት፣ እንደሚናከስ ውሻ። ድምፅዋን ልክፈትልዎ ወይ አልኳቸው። በስልኬ ከፈትኩላቸው። እናቴ የአንዲትን ፍየል እናትና አያት ስትሰድብ ሰሙ። ሳቁ፤ ከዚያ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ይህቺ ፍየል አሁንም አለች ወይ አሉኝ። ሸጬያታለሁ አልኳቸው። መሸጥህ ጥሩ ነው፣ ታስቸግራት ነበር፣ አሉ።

ያኔ የሆዴን አወጣሁት። እኔ ስሞት፣ አልኳቸው፣ እንደ ደንቡ ይሄን ማጥፋትዎ አይቀርም። ያጥፉት፣ አልከለክልዎትም። ነገር ግን አስቀድመው ሰው ይላኩላት። ሴቶቹ ልጄ አጠገብ መቀመጣቸውን ሳይሰሙ ይህን ገመድ እንዳይነኩት። የቱን ገመድ አሉኝ፤ አሳየኋቸው። ተጎንብሰው በጣታቸው ነኩት፣ ደጋግመው፣ የሰው መልክ እንደሚያጠኑ አድርገው። መጀመሪያ ሰው፣ ከዚያ ገመድ፣ አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተ ከኔ ቀድመህ ልትሞት ነው እንዴ?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ማንን እንደማስጠነቅቅ ሳላጤን ነው ያን ሁሉ የተናገርኩት። እሳቸው ናቸው ቀድመው የሚሄዱት። የሳቸው ለቅሶ ደግሞ የጎረቤት ለቅሶ ነው፤ እኔም ማጥፋት አለብኝ፣ ካላጠፋሁ ሰፈሩ ይታዘበኛል። ካጠፋሁ ልጄ እዚያ እኔን ትገድለኛለች። ይህንኑ እንዳለ ነገርኳቸው።

ከስልኬ ውስጥ እናቴ ወደ ሌላ ፍየል ተሻግራለች።

«ለኔ አታጥፋው» አሉ። «ታውራ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሬድዮ አይደለም በላቸው።»